በኢንተርኔት ዳግም የተደመጡ የኢትዮጵያ ካሴቶችና ክሊፖች

በኢንተርኔት ዳግም የተደመጡ የኢትዮጵያ ካሴቶችና ክሊፖች የሚባሉት፣ ቀድሞ በሸክላ፣ በካሴት ወይም በቪሲዲ ወጥተው ገበያው ካለፈባቸው በኋላ በድረ ገጽና በዩቲዩብ አዲስ አድማጭ ያገኙ ዘፈኖችና የሙዚቃ ቪዲዮዎች ናቸው። አብዛኞቹ በአገር ቤት ጨርሰው የጠፉ አልነበሩም፤ በሙዚቃ ቤት መደርደሪያ፣ በሾፌሮች የካሴት ሳጥን፣ በየሰዉ ቤት ኮመዲኖ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የጠፋው ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ሳይሆን ስሙ ነው፦ ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንደ ተጫወተው፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተቀዳ። ስሙ አብሮት የተጓዘ ዘፈን ለባለቤቱ ገንዘብና ዝና አምጥቷል። ስሙን መንገድ ላይ የጣለው ግን ብዙ ሺህ ሰው ቢሰማውም ለባለቤቱ የሚደርሰው ነገር የለም።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአዝማሪ ግጥም

ዘፈን ከስሙ ተለይቶ መጓዙን ኢንተርኔት አላመጣውም። የአዝማሪ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በጎንደርና በዙሪያው አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከሰርግ ወደ ሰርግ፣ ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። በከተማዋ አቅራቢያ የምትገኘው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመባል ትታወቃለች። በአዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥም ይሰጣል። «ተቀበል!» ሲለው አዝማሪው ቃሉን ሳያዛንፍ ተቀብሎ ከዜማው ጋር ያስማማዋል፤ አንዳንዴም ከራሱ ጨምሮ እንግዳውን መልሶ ይወጋዋል። ግጥሙ የእንግዳው፣ ዜማው የአገሩ፣ ድምፁ የአዝማሪው ነው። ሽልማቱ ደግሞ እዚያው ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ክፍያው በቦታው ስለሚያልቅ «ዘፈኑ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ጥያቄው የሚመጣው ድምፁ ተቀድቶ መሸጥ ሲጀምር ነው።

ከሸክላ ወደ ካሴት

በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ተላልፈው አምሃ ሬከርድስን አቋቋሙ፤ አለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ አሕመድና ሙላቱ አስታጥቄ በዚህ አሳታሚ ሸክላ ካወጡት መካከል ናቸው። ከአምሃ በኋላ ከታወቁት አሳታሚዎች አንዱ አሊ አብደላ ካይፋ ነበሩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሸክላ እየቀረ ካሴት ቦታውን ያዘ።

ካሴት ርካሽ ነው፣ በየገጠሩ ይደርሳል፣ በባትሪ ድንጋይም ይሠራል። ጉዳቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ሁለት ማጫወቻ ያለው ማንኛውም ሰው ሊገለብጠው ይችላል። በዋናው ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶና ስም በትልቁ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ባንዱ ግን በደቃቃ ፊደል ይሰፍራሉ። የተገለበጠው ካሴት ይህንንም አይዝም፤ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ ይቀራል። ዛሬ በኢንተርኔት ከሚገኙት አሮጌ ዘፈኖች ብዙዎቹ ወደ ኮምፒዩተር የገቡት እንዲህ ካለ ቅጂ ስለሆነ፣ ስማቸው የጎደለው ገና ከኢንተርኔት በፊት ነው።

የባሕር ዳሩ ካሴት

ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ታሪክ የኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርዲዮን በራሳቸው ተማሩ፤ ኋላ ኦርጋን ተጫዋች ሆነው በሂልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዋሊያስ ባንድ ጋር ሠሩ። የባንዱ ስም የተወሰደው ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ ከማይገኘው ዋልያ ነው። (ስለዚህ ባንዱን በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ከደባርቅ በላይ በገደል ላይ የሚዘለውን እንስሳ ወይም ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኑን ቢሆን አይገርምም።)

ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት ዘመን የምሽት ክበብ ታዳሚ እስኪነጋ ከክበቡ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። ሌሊት ሙሉ ለመጫወት ብዙ ዜማ ያስፈልጋል፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ደግሞ ሳንሱሩን የሚያስቆጣ ቃል የለውም። ዋሊያስ በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» የተሰኘው የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም የዚህ ዘመን ልጅ ነው። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሄደ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉና ጥቂት ባልደረቦቻቸው ዋሽንግተን ዲሲ ቀሩ፤ ዙላ የሚባል ባንድም መሠረቱ።

በ1985 ኃይሉ ብቻቸውን በአንድ አነስተኛ የቤት ውስጥ ስቱዲዮ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው፦ ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀዱ። አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን የተጫወቱት እሳቸው ናቸው፤ ከበሮው የማሽን ነው። ካሴቱን ልዩ ያደረገው ይህ ድብልቅ ነው። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ ያለፈበት፣ የአባቶች ዘመን መሣሪያ ሆኖ ነበር፤ ያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር ግን ገና የወጣ አዲስ ነገር ነው። ኃይሉ ሁለቱን አጋጥመው አምባሰልንና ሽለላን ያለ አንድ ቃል ግጥም ተጫወቱ። ሽለላ በተለመደው መንገድ ጠመንጃ ወይም ዱላ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ እየተንጎራደዱ በድምፅ የሚወጣ ነው። ያንን በለስላሳ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መስማት አገሩን ለሚያውቅ አድማጭ መጀመሪያ ፈገግ ያሰኛል፣ ቀጥሎ ግን ዜማው ሳይጎድል እንዳለ መቀመጡ ይታወቀዋል። ለውጭ አገር አድማጭ ደግሞ ምንም የማይመስለው፣ ከየትም ያልሰማው ነገር ሆነበት።

ዙላ ከተበተነ በኋላ ኃይሉ መድረክ ትተው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ኪቦርዳቸውን በመኪናው ሻንጣ ይዘው እየዞሩ፣ በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። በዚህ መካከል «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለውን ድረ ገጽ በ2006 የጀመረው አሜሪካዊ ብራያን ሺምኮቪትዝ ኢትዮጵያን ሲጎበኝ «ሸሞንሟናዬ»ን ባሕር ዳር ውስጥ ገዛ። ካሴቱ ላይ ሙሉ ስም ስለነበረ ፍለጋው ረጅም አልሆነም፤ በኢንተርኔት አፈላልጎ ባለቤቱን በስልክ አገኛቸው። አልበሙ በ2013 በሸክላና በዲጂታል እንደገና ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለአንድ የድሮ ካሴት ያልተለመደ ነው። ኃይሉ በስልሳዎቹ ዕድሜያቸው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች መጫወት ጀመሩ። «ቸ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩት «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 እንደገና ታተሙ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተሰኙ አዳዲስ አልበሞች አወጡ። አሳታሚው ከትርፉ እኩሌታውን ለሙዚቀኛው እንደሚሰጥ ይገልጻል። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ «የጠፋው ሙዚቀኛ ተገኘ» ተብሎ ይነገራል፤ አነጋገሩ ግን ትክክል አይደለም። ካሴቱ ባሕር ዳር ይሸጥ ነበር፤ ሙዚቀኛውም በዲሲ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቁ ናቸው። የተገኘው በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው።

ሙዚቃዊ ስልትና የሐሰተኛው ሸክላ

«ቸ በለው» ውስጥ ካሉት ዜማዎች በጣም የተዛመተው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። የደረሱት ግርማ በየነ ናቸው። ዜማው በአሜሪካና በአውሮፓ ባንዶች ተደጋግሞ የተጫወተ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቂኙ የ1998ቱ ቅጂ ነው። በዚያ ዓመት ዳክታሪስ የተባለ ቡድን «ሶል ኤክስፕሎዥን» የሚል ሸክላ አወጣ። ሸክላው በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ውስጥ ተቀድቶ የተረሳ ብርቅ ቅርስ ተደርጎ ቀረበ፤ በእርግጥ ግን የተቀዳው በኒው ዮርክ፣ በዚያው ከተማ ሙዚቀኞች ነው። ሐሰተኛው የአፍሪካ ቅርስ ውስጥ እውነተኛ የኢትዮጵያ ዜማ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የዜማው ስም ቢቀየር ኖሮ ምንጩን ማግኘት ቀላል አይሆንም ነበር፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው አማርኛ ግን እንዳለ ተጽፏል።

ግርማ በየነም በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው ኖረዋል። ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም በ2017 የወጣው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 በጀመረው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ውስጥ 30ኛ ሆኖ ነው። ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት የኢትዮጵያን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹን ሙዚቃ ለውጭው ዓለም ያደረሰው በአመዛኙ ይህ ተከታታይ ሲሆን፣ ዩቲዩብ ላይ የሚገኙ ብዙ ቅጂዎችም ከሱ የተወሰዱ ናቸው። የተከታታዩ ትልቅ ውለታ ከሙዚቃው ጋር የሰዎቹን ስም፣ ዓመቱንና የባንዱን አባላት ዘርዝሮ ማተሙ ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም

ከዘፈን ውጪ ቢሆንም በዚህ ርዕስ ሥር የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ሊታለፍ አይችልም። በ1923 አዲስ አበባ የተወለዱት የውብዳር ገብሩ (የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ) በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም መንነው አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያድሩትንና ለምነው የሚበሉትን የቆሎ ተማሪዎች ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። የመጀመሪያው ሸክላ በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ገቢው ለችግረኞች ነበር።

በ2006 የ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ዲስክ ሆኖ የወጣው የፒያኖ ሥራቸው በኢንተርኔት ከኢትዮጵያ መሣሪያ ሙዚቃዎች ሁሉ ሰፊ አድማጭ ካገኙት አንዱ ሆነ። «ታይም» (2020) በተሰኘው ዘጋቢ ፊልምና «ፓሲንግ» (2021) በተሰኘው ፊልም ውስጥም ይሰማል። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም አርፈዋል። ብዙ አድማጭ ይህን ፒያኖ ለጥናትና ለእንቅልፍ የሚሆን ጸጥ ያለ ሙዚቃ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ከጀርባው የጎንደር የቆሎ ተማሪ ረሃብ መኖሩን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

በሌሎች ዘፈን ውስጥ የተገኙ ድምፆች

ሙላቱ አስታጥቄ በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ለአዲስ ትውልድ ተዋወቁ፤ በፊልሙ ውስጥ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ሙዚቃውን በሲዲ ቀድቶ የሚሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው። በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሌ «አዝ ዊ ኤንተር» በተሰኘው ዘፈናቸው የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ተጠቀሙበት።

ሌላው ለአማርኛ ተናጋሪ ድንገተኛ ደስታ የሰጠው «ዘ ሂልስ» ነው። በካናዳ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊክንድ) በ2015 ያወጣው ይህ ዘፈን በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። መጨረሻው ላይ የሚሰሙት የፍቅር ቃላት አማርኛ ናቸው። በዓለም ዙሪያ ቃላቱን ሳይረዳ አብሮ ያዜመው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

ክሊፕ

በኢትዮጵያ የሙዚቃ ቪዲዮ «ክሊፕ» ተብሎ ይጠራል። የጥንቶቹ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስቱዲዮ የተቀረጹ ናቸው፦ ዘፋኙ ከአበባ ማስቀመጫ አጠገብ ቆሞ ከንፈሩን ከተቀዳው ድምፅ ጋር ያንቀሳቅሳል፣ ተወዛዋዦች ከኋላ ይገባሉ፣ ካሜራው እምብዛም አይነቃነቅም። በቪሲዲ ዘመን ካሜራው ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የፋሲል ግንብ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴና የሰሜን ተራሮች በየክሊፑ ይታያሉ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የፓርኩ መግቢያ ስለሆነች የቀረጻ ቡድኖች መነሻም ናት። ዘፋኙ በፍቅር ሲያለቅስ ከኋላው ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ያለ ምንም ስሜት መብላታቸውን የሚቀጥሉባቸው ትዕይንቶች አስቂኝነታቸው ታስቦበት የተደረገ አይመስልም፤ በተመልካች ዘንድ የሚወደዱት ግን ለዚሁ ነው።

ታስበው የሚያስቁም አሉ። የጌትሽ ማሞ «ተቀበል» የአዝማሪ ቤቱን ቅብብል ወደ ዘመናዊ ክሊፕ ያመጣ ሲሆን፣ ብዙ ተመልካች በማግኘቱ ተከታታይ ክፍሎች ወጥተውለታል። በሌላ በኩል የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» (2012) ክሊፕ የዓድዋን ዘመቻ እንደ ፊልም ለማሳየት የሞከረ ነው፤ በ2017 የወጣው «ማር እስከ ጧፍ» ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መነሻ አድርጓል። በነዚህ አማካይነት ክሊፕ ከዘፈን ማስታወቂያነት አልፎ ራሱን የቻለ ትረካ ሆኗል።

ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም ውድ በሆነበት ቦታ ክሊፕ የሚዛመተው በሌላ መንገድ ነው። በዳባትና በደባርቅ መሰል ከተሞች ስልክ የሚጠግኑና ሙዚቃ የሚሸጡ ሱቆች በሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ይጭናሉ፤ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜም የቀረው መንገድ ይኸው ነበር። በዚህ መንገድ የሄደ ዘፈን «ትራክ 01» ከሚል ርዕስ በቀር ስም አይኖረውም። የተገለበጠው ካሴትና የእስክሪብቶ ጽሑፉ በአዲስ መልክ ተመልሰዋል ማለት ይቻላል።

ፊደልና ዘመን

አሮጌ ዘፈን በኢንተርኔት ለማግኘት ትልቁ እንቅፋት አጻጻፍ ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ አንድ የታወቀ ደንብ በሕዝብ ዘንድ ስለሌለ፣ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጨ»ን ከ«ቸ» የሚለይ ጽሑፍ ብርቅ ነው። ፈረንሳዮች የሚጽፉት ከእንግሊዝኛው ይለያል። በዚህ ምክንያት አንድ ዘፈን በአራትና በአምስት ስም ተበትኖ ይገኛል። አንዱን ያገኘ ሌሎቹን አያገኝም፤ በግዕዝ ፊደል የፈለገ ደግሞ በላቲን የተጻፉትን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ካሴት ላይ «1977» ተጽፎ ከሆነ ዓ.ም. ነው ወይስ የአውሮፓ? ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆን፣ በደርግ መጀመሪያና በደርግ መካከል የነበረው ሙዚቃ ፈጽሞ አንድ አይደለም። የኃይሉ መርጊያ ሥራዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው፦ «ቸ በለው» በአውሮፓ 1977፣ «ሸሞንሟናዬ» (1985) ደግሞ በኢትዮጵያ 1977 ዓ.ም. ላይ ይወድቃሉ። ያልተጠነቀቀ ሰው ሁለቱን የአንድ ዓመት ሥራ አድርጎ ይመዘግባቸዋል።

ሕግና ክፍያ

በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ የከዋኝንና የድምፅ ቀረጻ አሳታሚን መብት ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተደረገው ማሻሻያ የሮያሊቲ ክፍያን የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ጨምሯል። ዩቲዩብ በበኩሉ ኮንተንት አይዲ የተባለ ዘዴ አለው፤ አዲስ የተጫነ ቪዲዮ ድምፅ ከተመዘገበ ሥራ ጋር ሲገጥም፣ ባለመብቱ ቪዲዮውን ሊያግደው ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ሊወስድ ይችላል። ዘዴው የሚሠራው ግን ሥራውን ቀድሞ ላስመዘገበ ብቻ ነው። አሳታሚው የተዘጋ፣ ውሉ በቃል የነበረ፣ ዋናው ቅጂ የጠፋበት የ1970ዎቹ ካሴት ይህን ለማሟላት ይቸገራል፤ ከባለቤቱ ይልቅ ቀድሞ የጫነው እንግዳ ሰው ገቢውን ሊያገኝ ይችላል።

የሕዝብ ዜማዎች ጉዳይ ከዚህም ይወሳሰባል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የቅኝት ስሞች ናቸው፤ በነዚህ ቅኝቶች የሚዘፈኑ በርካታ የገጠር ዜማዎችም የማንም የግል ንብረት አይደሉም። አቀናባሪው በራሱ ቅንብር ላይ መብት አለው፣ በዜማው ላይ ግን የለውም። አንድ ክሊፕ የአዝማሪን ግጥም ወስዶ «ግጥም፦ የሕዝብ» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግጥሙን በዚያ ምሽት በጠጅ ቤት የሰጠው እንግዳ ወይም ያቃናው አዝማሪ በሕይወት ባለበት ጊዜ ሲጻፍ ግን አከራካሪ ይሆናል፤ አዝማሪዎች ግጥማቸውን የመመዝገብ ልማድ ስለሌላቸው ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳቸዋል።